የስህተት ጭብጨባ

መጻሕፍት በድምፅ በሚቀረጹበት በዚህ ስቱዲዮ ሕግ አንባቢ ሲሳሳት አንዴ ያጨበጭብና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይደግማል። ጭብጨባው የድምፁ ሞገድ በሚታይበት ስክሪን ላይ እንደ ሹል መስመር ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ፣ ድምፅ ቀራጩ ስህተቱን ፈልጎ ቆርጦ ለመጣል አይቸገርም። ቀራጩን ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ትንኝ ስታስነጥስ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል።

አንባቢዋ ሰሞኑን የያዘችው አንዲት ሴት ስለ ራሷ የአእምሮ ሕመም የጻፈችውን መጽሐፍ ነው። አንጀት ይበላል። ያ ደረቅ ጆሮ እንኳ ሁለቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠርጓል። እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ታናሽ ወንድሟ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ናት፣ ልቧ ደንዝዟል። ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ አብሯት ይኖራል፤ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፣ ከ«ደህና» ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ይህ ዝምታ አንድ ቀን ልጁን ጨርሶ እንዳይወስድባት ትፈራለች። እንደምትፈራ ታውቃለች እንጂ ፍርሃቱም አይሰማትም።

ያን ቀን እዚህ ቦታ ደረሰች፦ «እህቴ ማታ ማታ ክፍሌ በር ላይ ቆማ ‹ደህና ነሽ አይደል?› ትለኛለች። መልሱን ራሷ ይዛው ስለምትመጣ፣ ለእኔ የሚቀረኝ ‹አዎ› ማለት ብቻ ነው።»

ሳትደናቀፍ አነበበችውና ገጹን ገለጠች።

«የኔ እመቤት፣ ዛሬ እኮ አንዴም አላጨበጨብሽም!» አለ ጆሮ ሲጨርሱ። «እንደ ውሃ ነው የወረደልሽ።»

«ምን ላድርግ፣ ጎበዝ ነኝ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቤት ስትገባ እንደ ልማዷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የወንድሟን በር ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

«ደህና ነህ አይደል?»

«ደህና።»

በሩን ልትዘጋ እጀታውን ሳበች፤ ከዚያ ቆመች። አሁንም እንባ የለ፣ ምን የለ። እጆቿ ብቻ ተነሡና አንዴ አጨበጨቡ።

ወንድሟ ደንግጦ ዞረ። «ምን ሆንሽ፣ እትዬ?»

«ተሳሳትኩ» አለች፤ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ልድገመው። እንዴት ነህ?»

ልጁ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷም መልሱን አላቀበለችውም።

«ደህና አይደለሁም» አለ በመጨረሻ።

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።