የአለቃ ባዶ ሆድ

ኤሌክትሪክ ሠሪው በዚህች ምድር ላይ የሚፈራው አንድ ሰው ቢኖር የስድስት ዓመት ልጁን ነው። ቤት ውስጥ «አለቃ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ናት። ይህች አለቃ ታዲያ ልቧ ላይ ከተወለደች ጀምሮ ያልተደፈነ ቀዳዳ ነበረባት። ደረጃ ስትወጣ ትዕዛዟን መሀል ላይ አቋርጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

ቀዳዳው የሚደፈንበትን ቀን ስምንት ወር ጠብቀውታል። ደረት አይከፈትም። በጭኗ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባና ትንሽ መድፈኛ እስከ ልቧ ይዞ ይሄዳል፤ ሁሉ ደህና ከሆነ ጠዋት የገባች ልጅ ማታ ቤቷ ታድራለች። እናትየው የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ስለሆነች መሄድ አልቻለችም። በዋዜማው ምሽት ባሏን «አደራህን፣ ከተኛች በኋላ ምንም እንዳትቀምስ» አለችው።

«ምን ነካሽ፣ ልጅ ነኝ እንዴ?» አላት።

ልጅ ቢሆን ይሻል ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቃ ነቅታ «ራበኝ» አለችው። አልጮኸችም፤ እንባዋ ብቻ ዝም ብሎ ወረደ። አንጀቱን በላችው። ሁለት ብስኩት አውጥቶ ሰጣትና «ለማንም እንዳትናገሪ» አላት።

የሕፃናቱ ክፍል ስድስት አልጋ፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓትና ተራ የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ ነበረው። የአለቃ ተራ አንደኛ ነው፣ ሁለት ሰዓት ላይ። ክፍሉን የምትመራው መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠና ያለች ነርስ ነበረች። ይህች ሴት «ልጁ ምን በላ?» የሚለውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ በር ላይ፣ ሚዛን ላይ፣ በመጨረሻም አልጋው ሊንቀሳቀስ ሲል። ወላጆች ይሰለቻሉ። እሷ ግን አንዴም ያልጠየቀች ይመስል በዚያው ድምፅ ትደግመዋለች።

በር ላይ ኤሌክትሪክ ሠሪው «ምንም» አለ። ሚዛን ላይ ነርሷ በርከክ ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት። አለቃ አባቷን ገልመጥ አደረገችና «ምንም» አለች። በሕይወቷ የታዘዘችው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ የአልጋው ጎማ ፍሬን ተለቆ ነበር። «አባት፣ ልጅቷ ምን በላች?»

ያኔ ነው ሥራው ትዝ ያለው። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ታች ያለውን ባልደረባውን «ጠፍቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያይ «ጠፍቷል» የሚል ሰው ነፍስ ያጠፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ ረግሞታል። አሁን ያ ሰው እሱ ራሱ ሆኖ ቆሟል። ስምንት ወር ገደል ገባ ብሎ አሰበ፤ ተናገረም።

«ሁለት ብስኩት በልታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«አትናገሪ ያልከኝ አንተ!» አለች አለቃ በንዴት።

ነርሷ አልተቆጣችም። «ወተትስ ጠጥታለች?» ብላ ጠየቀች፤ ሰዓቱን ጻፈች። «ሆዷ ውስጥ ምግብ እያለ በማደንዘዣ ብናስተኛት ወደ ላይ ወጥቶ ሳንባዋ ይገባል። ከበላች ስድስት ሰዓት መሙላት አለበት» አለችው። ከዚያ ሰሌዳውን በመዳፏ ጠርጋ ተራውን እንደገና ደለደለችው፤ አለቃን ሦስተኛ አደረገቻት። ስልክ አንስታም «አዎ ዶክተር፣ ትገባለች። እኔ እቆያለሁ» አለች።

አለቃ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ሰባት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ «ተደፍኗል» አለው። የቀረው ቀኝ እግሯን ሳታጥፍ ለአምስት ሰዓት በጀርባዋ መተኛት ነው፤ ካጠፈችው ሊደማ ይችላል። ይህችን ልጅ አምስት ሰዓት ማስተኛት ማለት ጉድ ነው። ነርሷ ግን በምን እንደምትይዛት ወዲያው ገባት። «ክፍሉን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። እግሩን ያጠፈ ልጅ ካየሽ ንገሪኝ» አለቻት። አለቃ ጣራ ጣራ እያየች ስድስቱንም አልጋ አስተዳደረች።

አሥር ሰዓት ላይ ሌሎቹ ነርሶች ተረኛ ተክተው ሄዱ። ጠና ያለችው ነርስ ግን በየሩብ ሰዓቱ አንሶላውን ገለጥ እያደረገች የአለቃን ጭን መመልከቷን ቀጠለች። ኤሌክትሪክ ሠሪው «እቆያለሁ» ያለችው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

«ሲስተር፣ በእኔ የተነሳ ነው ያመሹት» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«በአንተ የተነሳ ነው» አለች ሳትሸነግለው። «ግን ነግረኸኛል። የማይነግረኝ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አለቃ በእግሯ ኮሪደሩን ወጥታ ወረደች። ነርሷ ነገ ጠዋት እደውላለሁ ብላ ሸኘቻቸው። ማታውኑ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ ሚስቱም አኮረፈችው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «እንዴት አደረች?»

«ደህና አድራለች። ግን ሲስተር፣ ፊቴን ሳዞር ከሶፋ ላይ ዘለለች። አንዴ።»

«ጭኗ አብጧል? ደምቷል?»

«አላበጠም፣ አልደማም። አሁን አይቼዋለሁ።»

«እግሯስ ይሞቃል?»

አዎ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «አልነካሁትም። አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።» ሄዶ ሁለቱንም እግሮቿን ያዘ። «ይሞቃል። ሁለቱም እኩል።»

በስልኩ ውስጥ የብዕር ድምፅ ተሰማ። «ሌላ ሰው ቢሆን ዘለለች ሲለኝ አሁኑኑ አምጣት እለው ነበር» አለች ነርሷ። «አንተ ግን ያላየኸውን አላየሁም ትላለህ። በአንተ ቃል እቤቷ ትቆያለች።»

«እሺ ሲስተር» አለ። ስልኩን ዘግቶ እዚያው እንደቆመ እንባው ወረደ። ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ ሲናገር ሰምታው ነበር።

«ና ቁርስህን ብላ» አለችው።