የማክሰኞው ውሃ

ሐሙስ ዕለት ታላቅ እህቴ ቤት የሄድኩት እጇን ለማየት ነበር። ከመዳፏ እስከ ክንዷ ቆስሏል፤ አልድን ብሎ ሦስት ወሩ ነው።

«የሳሙና ነው ባክሽ፣ ሚጣዬ» አለችኝ።

የሳሙና አለመሆኑን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ከጓሮዋ ልብስ ወደምታጥብበት ወንዝ ወረድኩ። ሰማያዊ ቀለም የተደፋበት መስሎ ይፈሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ስመረምረው የኖርኩት ወንዝ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። ለነገሩ እህቴንም ቢሆን የምጠይቃት በየወሩ ናሙና ለመውሰድ ስመጣ ጎራ እያልኩ ነው፤ ያም ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው።

ሌላዋ ሴት ሊፒስቲክ እንደማታጣው እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ባዶ የናሙና ጠርሙስ አላጣም። በወንዙ ውሃ ሦስቴ አለቅልቄ ሞላሁት። ላቦራቶሪ ገብቼ ስለካው ክሮሚየም የሚባለው መርዝ ከተፈቀደው አርባ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያው አብዷል ብዬ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ያው አርባ ነው።

የመሥሪያ ቤታችንን ሹፌር በር ላይ አግኝቼ ነገርኩት። ከመጤፍም አልቆጠረው።

«እሱማ ንጹህ የሚሆነው እኛ የምንሄድ ዕለት ብቻ ነው፣ ዶክተር» አለኝ። «ከወንዙ ላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ ሰኞ የፍሳሽ ቱቦውን ይዘጋና እኛ ስንመለስ ይከፍተዋል። ዘበኞቹ ሲያወሩ ሁሌ እሰማለሁ። እኔ እኮ የሚያውቁ መስሎኝ ነው!»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበለው? ስንት ዓመት የኋላ ወንበር ላይ ሠንጠረዤ ላይ ተደፍቼ ስሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሰማህ?» ብዬው አላውቅም።

ማክሰኞን የመረጥኩትም እኔው ነኝ። ሥራ በያዝኩ በዓመቱ፣ ወርን ከወር ማወዳደር የሚቻለው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ሲቀዳ ነው ብዬ ስብሰባ ላይ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከድልድዩ ሥር። አንድ ሽማግሌ ባልደረባችን «ልጄ፣ አንዳንዴ ሳይታሰብ ብቅ ብንልስ?» ቢሉ ሳቅኩባቸው። በሆዴ እንዳይመስላችሁ፣ ፊት ለፊታቸው ነው የሳቅኩት። ሐሳቤ መመሪያ ሆኖ ጸደቀ፤ እኔም ተሸለምኩበት።

ውጤቱን ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ።

«ቱቦው ዛሬውኑ ይታሸግ» አልኩት።

ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ክፉ ሰው ቢሆን ምነኛ በተገላገልኩ! ክፉ አይደለም፤ ከልቡ ነው የተጨነቀው።

«ዶክተር፣ በዚህ ላሽግ ብል በማግሥቱ ፍርድ ቤት ያቆሙኛል። ከተወሰነው ቀን ውጭ የተቀዳ ናሙና ለውሳኔ አይቀርብም። አንቀጽ አራት። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«መመሪያው ስህተት ነው!»

«ሊሆን ይችላል። ግን በእርስዎ ፊርማ ሁለት መቶ ስድሳ አራት ውጤት ንጹህ ነው ይላል። አይደለም የሚለው አንድ ጠርሙስ ነው፤ እሱም ከእህትዎ ጓሮ የተቀዳ። ጠበቃቸው የትኛውን ያነሣል?»

«እሺ፣ ነገ ሳንነግራቸው አብረን እንሂድ።»

«ነገም ማክሰኞ አይደለም። መመሪያው እስኪሻሻል የምንቀዳው ሁሉ እንደዚሁ ውድቅ ነው። ኮሚቴው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚሰበሰበው። ባለፈው ወር ተሰብስቦ እንዳለ አጸደቀው።» አንገቱን ደፋ። «እርስዎም ነበሩ።»

አዎ፣ ነበርኩ። እጄን አውጥቻለሁ።

የቀረኝ አፌ ብቻ ነበርና ተመልሼ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ ይህን ውሃ አትጠጡት። አትታጠቡበት» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። «ምነው? ቀለሙ ሲቀያየር አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት። አምና ጎረቤቶቼ አቤት እንበል ብለው ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ እህቴ በየወሩ የምትለካውን ከሷ በላይ ልታውቁ ነው ወይ ብዬ ወረቀታቸውን የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ይህን ጊዜ አንዲት ጎረቤት ከወንዙ ቀድታ ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ በደጃፉ ስታልፍ ታየች።

«ንገሪያት» አለችኝ እህቴ። «እኔን ከእንግዲህ አያምኑኝም።»

ወጥቼ ነገርኳት። ሴትዮዋ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። አልተቆጣችም።

«ታዲያ ከየት ልቅዳ?» አለች።

«አላውቅም» አልኳት።

 ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቤቷ ገባች።