ወይዘሮ ኮርማ ዳገት የወጣች ዕለት

ባለቤቴም ወንድሜም ባቡር ነጂዎች ናቸው። የከተማችን ባቡር ሩቅ አገር የምትሄድ አይደለችም። ከሲሚንቶ ፋብሪካው ትነሳለች፣ በገበያው ጀርባ ታልፋለች፣ ዳገቷን ትወጣና ፉርጎዎቿን ለትልቁ መስመር አስረክባ ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ቤቱ ይደርሳል።

ሎኮሞቲቮቹ ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም ያረጁ። ባለቤቴ የሚነዳት ዝግ ያለች፣ አደብ ያላት ስለሆነች «ወይዘሮ» ይሏታል። የወንድሜ ደግሞ ጉልበተኛና ጯሂ ነው፤ ስሙ «ኮርማው»። አንዱ የሌላውን ወንበር አይነካም። ባለቤቴ እንኳን ወንበሩን ሊያስነካ፣ የሚቀመጥባትን ትራስ ልትታጠብ ወደ ቤት ሲያመጣት «ቶሎ ትድረቅልኝ» እያለ ገመዱ ሥር ይመላለስ ነበር።

ኩርፊያቸው የመጣው ከአንድ ዝናባማ ቀን ነው። ወይዘሮ ዳገቱ ላይ ቆመች፤ ኮርማው ሄዶ ጎትቶ አመጣት። እስከዚህ ድረስ ደግ ሥራ ነው፣ ፈጣሪም የሚወደው። ወንድሜ ግን ገበያው ጋ ሲደርስ ጡሩምባውን ያዘና እስከ ጣቢያው ድረስ አልለቀቀውም። ሻጩም ገዢውም ወጥቶ አየ። ባለቤቴ ከኋላ እየተጎተተ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ገባ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ለአንዱ ቃል አልተነፈሰም።

መኳረፉን ተኳረፉ እንጂ አልተራራቁም፤ የእኔም ጣጣ ይሄው ነው። ወንድሜ ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ እራቱን የሚበላው እኛ ቤት ነው። አንድ ገበታ ላይ ይቀመጡና፣

«ጨዉን ወዲህ ያድርገው በይው ባልሽን» ይላል ወንድሜ።

«ጨዉን አቀብለኝ ይልሃል።»

«እጁን አይዘረጋም ወይ በይው» ይላል ባለቤቴ።

«እጅህን አትዘረጋም ወይ ይልሃል።»

ልጆቼ ሁሉም አድገው፣ ከቤት ወጥተው፣ የየራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል። ትልቋ ስልክ ስትደውል ከሰላምታ በፊት «ሁለቱ መንግሥታት እንዴት ናቸው?» ትለኛለች። እኔን «አስተርጓሚዋ» ብለው ስም ያወጡልኝም እነሱ ናቸው። ይሳቁ፤ የሚስቁ ልጆች ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመሰግነዋለሁ።

ኋላ ላይ ሁለቱም ሎኮሞቲቮች በአንድ ሰሞን ታመሙ። የወይዘሮ ሞተር ተሰነጠቀ። የኮርማው ሞተር ደህና ነው፣ ግን እግሩም፣ ብረት ጎማው ማለቴ ነው፣ ፍሬኑም አለቀ። መለዋወጫ እንዳይገዛ፣ የሠራቸው ፋብሪካ ራሱ ከተዘጋ ቆይቷል። የጋራዡ አለቃ፣ «ቀልደኛው» ነው የምንለው፣ ጎን ለጎን አቁሞ ዞረ፣ ዞረና «ከሁለት በሽተኛ አንድ ጤነኛ ይወጣል» አለ። የኮርማውን ሞተር አውጥተው በወይዘሮ ሆድ ውስጥ ከተቱት። ሲጨርሱ ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም «ወይዘሮ ኮርማ» ብሎ ጻፈባት። ቀሪው ኮርማ ባዶ ሆዱን ጋራዡ ጓሮ ቆመ፤ ወንድሜ በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ በዙሪያ መሄድ ጀመረ።

አንድ ሎኮሞቲቭ ማለት አንድ ነጂ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጇ ልጅ እግር ናት፣ ሰው አታስቀይምም፣ ግን ቁርጡን ነገረቻቸው። አንዳቸው ይቀጥላሉ፣ አንዳቸው ጡረታ ይወጣሉ። ማን እንደሚቀጥል የሙከራው ጉዞ ላይ አይታ ትወስናለች።

ያን ሰሞን ጸሎት ጠፋብኝ። እንበረከካለሁ፣ «ጌታ ሆይ» እላለሁ፣ ከዚያ የምለው የለኝም። ለባሌ ልለምን? ወንድሜ ከዚያች ወንበር ሌላ ምን አለው፣ ቤቱ ባዶ ነው። ለወንድሜ ልለምን? ባሌ በዕረፍት ቀኑ እንኳ ጣቢያውን ረግጦ ካልመጣ እህል አይወርድለትም። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ እነሳለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ታሞ ይቀራል።

በሙከራው ቀን ምሳቸውን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ስደርስ ሁሉም ሎኮሞቲቩ ሥር ቆመዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሞተሩን የሚያውቀው ወንድሜ፣ ፍሬኑንና እግሯን የሚያውቀው ባሌ። አንዱ ማስነሳት እንጂ ማቆም አይችልም፣ ሌላው ማቆም እንጂ ማስነሳት አይችልም።

«እነዚህ ካልተነጋገሩ ይህቺ ወይ አትነሳም፣ ወይ አትቆምም» አለ ቀልደኛው። «ይልቅ ሴትዮዋን እናሳፍርላቸው።»

ለሳቅ ያለው ነው። ሥራ አስኪያጇ ግን ዘወር ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ይመጣሉ?»

ደረጃው ለሰው ልጅ የተሠራ አይመስልም። ቀልደኛው ከኋላ ደገፍ፣ ወንድሜ ከላይ ሳብ አድርገው አወጡኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የሁለቱን ቱታ ሳጥብ የኖርኩ ሴት፣ ያ ሽታ የሚመጣበትን ቦታ ያን ቀን ነው ያየሁት። ናፍጣና ዝገት፣ መዳፍ አሽቶ ያብረቀረቀው እጀታ፣ በፕላስተር የተያያዘ መስኮት። ወንድሜ በግራ ሞተሩ ጋ፣ ባሌ በቀኝ ፍሬኑ ጋ፣ እኔ መሃል። ሥራ አስኪያጇና ቀልደኛው ከኋላ ፉርጎው ላይ ወጡ።

ሞተሩ ሲነሳ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ወንድሜ ጮኸብኝ። «ፍሬኑን ይልቀቅ በይው።»

አፌን ባሌ ጆሮ ላይ አስጠግቼ «ልቀቅ ይልሃል» አልኩ። ለቀቀ።

«ቀስ ብሎ ይስጣት በይው፣ ኮርማ አይደለችም» አለኝ ባሌ።

«ቀስ በል ይልሃል፣ ኮርማ አይደለችም።»

«ግማሿ ነው በይው።»

እንዲህ እየተባባልን ገበያውን አለፍን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ካፊያ ጀመረና ሐዲዱ ረጠበ። እግሮቿ እዚያው መሽከርከር ጀመሩ፤ ጩኸት ብቻ፣ ወደፊት የለም። ለዚህ ጊዜ የተሠራ የአሸዋ ሳጥን አለ፤ እጀታውን ሲስቡት እግሮቿ ፊት ሐዲዱ ላይ አሸዋ ያፈስና ብረቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። እጀታው ያለው ባሌ ጋ ነው።

«አሸዋ ይልቀቅ በይው» አለ ወንድሜ።

እኔ አላስተላለፍኩም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። አሁን እንኳ ካልተነጋገሩ መቼ ሊነጋገሩ ነው አልኩ በልቤ።

«አንቺ፣ አሸዋ አልኩ እኮ።»

«አፍ አለህ፣ ራስህ በለው።»

ወንድሜ አየኝ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ «አሸዋ» አለ። ባሌ ንቅንቅ አላለም። «ጋሼ፣ አሸዋ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ባሌ ወደ ፊት ያያል።

ይህ ሰው ጨርሶ እልኸኛ ሆነ ብዬ ፊቱን ለማየት ጎንበስ አልኩ። የባሌን የኩርፊያ ፊት አውቀዋለሁ፣ የታች ከንፈሩን ይነክሳል። ያን ጊዜ ግን አልነከሰም። ፊቱ የዋህ ነው፤ አንድ ሰው የሚለውን እስኪለው የሚጠብቅ ፊት። የሚጠብቀው እኔን ነበር።

ያኔ ገባኝ። ቤት በር ሲንኳኳ የማይነሳው፣ ሬድዮውን ግድግዳው እስኪርገበገብ የሚከፍተው፣ ለካ ጆሮው ሄዷል። ወንድሜ የሚለውን ሁሉ ከእኔ አፍ፣ ከቅርብ ስለሚያገኘው፣ እኔም አላወቅኩ፣ ራሱም አላወቀ። ኩርፊያው ደብቆለት ኖሯል።

ወንድሜም ነቅቷል። ተያየን። አንድ እጁን ሞተሩ ላይ እንዳደረገ በሌላው የባሌን ትከሻ ነካ፣ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቀስ። ባሌ ዞረ። ወንድሜ ጣቶቹን እያፍተለተለ የሚፈስ አሸዋ አሳየው። ባሌ እጀታውን ሳበ። እግሮቿ ቆነጠጡ፤ ወይዘሮ ኮርማ እያቃሰተች ወጣች።

ጫፍ ላይ ቆመን ስንወርድ ሥራ አስኪያጇም ከፉርጎው ወርዳ መጣች።

«ዳገቱ ላይ አሸዋው ለምን ዘገየ?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ። «ሳልነግረው ቆየሁ።»

ይህን ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር። ወንበሩን በዚያች ቃል አሳልፎ እየሰጠ እንደሆነ ያውቃል።

«ምን አለች?» አለኝ ባሌ።

አማራጭ ነበረኝ፤ ሌላ ነገር ልነግረው እችል ነበር። የጠየቀችውንም፣ ወንድሜ የመለሰውንም፣ ቃል ሳልቀንስ በጆሮው ነገርኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። እጁን የሎኮሞቲቩ ጎን ላይ፣ ትኩሱ ብረት ላይ አሳረፈ።

«ውሸቱን ነው» አለ። «ትከሻዬን ነክቶ በእጁ ያሳየኝ ነግሮኝ ስላልሰማሁት ነው። ሐዲድ ላይ የሚሠራ ሰው ቢያፏጭ፣ መሻገሪያው ላይ እናት ብትጮህ የማይሰማ ሰው እዚህ አይቀመጥም። እሱ ይንዳ።»

«ፍሬኗን አላውቃትም» አለ ወንድሜ።

እኔ ላስተላልፍ አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ በክንዱ ገለል አደረገኝና ባሌ ጆሮ ላይ ተጠጋ።

«ፍሬኗን አላውቃትም አልኩህ።»

«አትጩህብኝ። አስተምርሃለሁ። ደንቆርኩ እንጂ አልጃጀሁም።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቋን አፍና፣ እሱ እስኪለምድ ድረስ አብራችሁ ትነዳላችሁ፣ ከዚያ ግን ነጂው አንድ ነው አለች። ባሌ ይህን ያለ እኔ ከከንፈሯ ያነበበው መሰለኝ፤ ራሱን ነቀነቀና ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔን የሚፈልገኝ አልነበረም። ከኋላቸው የመሣሪያ ሳጥን ላይ ምሳቸውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ፍሬኑን ይዟል፣ የባሌ እጅ ከእጁ በላይ ነው።

«ገና ነው» ይላል ባሌ። «አትቸኩል አልኩህ። ብረቷ እጅህ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ይሰማሃል፣ ጆሮ አይፈልግም። ይኸው መጣች። አሁን።»

ወንድሜ ሳበ። ቆምን።

«እንደገና» አለ ባሌ።