ከየት የመጣ ዚንክ

እናትየው የልጃቸው ሥራ ከኤክስሬይ ጋር መሆኑን ከሰሙ ወዲህ ስለ እጇ መጨነቅ ይዘዋል። ልጅቷ የምታጠናው ዓይን የማያያቸውን የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ነው፤ ጨረሩ ሲያርፍባቸው መልሰው የሚሰጡት ብርሃን ኤሌክትሮኖቻቸው እንዴት እንደተደረደሩ ይናገራል። ጨረሩ በወፍራም ግድግዳ የታጠረ መሆኑን ብታስረዳቸውም አልተዋጠላቸውም። በየማለዳው በር ላይ ይዘው እጇን ነጭ ቅባት ይለቀልቋታል። እሷም ለቤቱ ሰላም ስትል እጇን ትሰጣቸዋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ከብረቱ ምልክት ጎን ሌላ ምልክት ብቅ አለ። ዚንክ ነው። ዚንክ የጨመረ ሰው ግን የለም። አለቃዋ ፕሮፌሰር፣ በችኮላቸው ባልደረቦቻቸው «ባቡሩ» የሚሏቸው ሰው፣ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። አዲስ ግኝት ነው ብለው ሳምንት ሳይሞላ ንድፈ ሐሳብ አበጁለት፤ ለትምህርት ክፍሉም ሁሉ የንግግር ጥሪ በተኑ። እሳቸው ራሳቸው ያዘጋጁት ናሙና ዚንክ አላሳይ ሲል እንኳ አልደነገጡም። ያንቺ እጅ የተባረከ ነው አሏት።

በማግስቱ እናቷ እንደ ልማዳቸው ሲቀቧት፣ ቅባቱ የምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«የእህትሽ ልጅ ቂጡ ሲላጥ ያዳነው ነው።»

ቱቦውን ገልብጣ አነበበችው። ዚንክ ኦክሳይድ ይላል። የብረት ኦክሳይዱን ዱቄት ለልኬት የምታሰራጭበት ተለጣፊ ፕላስተር ጓንቷ ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገራት፣ ፕላስተሩን በባዶ ጣቷ ነበር የምትልጠው።

በቀጥታ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄደች።

«ዚንኩን አገኘሁት።»

«የት?»

«እጄ ላይ። የሕፃን ቂጥ የሚቀባ መድኃኒት ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ቅባቱን ራሱን ለኪው አሏት። ለካችው፤ ምልክቱ ቁርጥ ያው ሆነ።

ጥሪው አንዴ ተበትኗልና ፕሮፌሰሩ ከመድረክ አልቀሩም። ናሙና እንዴት እንደሚበከል ተናገሩ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ገና እየለቀምኩ ነው» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ቂጡ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ማታ ልጅቷ ነገሩን ሁሉ ለእናቷ እንዳይከፋቸው እያለሳለሰች ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«እጅሽ ግን ለስልሷል፣ አይደል?»

ይህንን መካድ አልቻለችም።