የእትዬ ዘርፌ ጥቁር ጠላ

፩

ጠጣው።

፪

ምኑን? ማን? ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

ማናዬ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። «ጋሽ» ልለው ይገባኝ ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን አንቱታ ይረዝምብኛል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያወራው የስፌት መኪናው ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ሱሪ ብቻ ነው የሚያወራው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ዘርፌ ጠላ ቤት ይሄዳል። ዘርፌ ባሏን የቀበረች፣ ጥቁር ጠላ በመጥመቅ ስሟ የታወቀ ሴት ናት።

፫

ጥቁር ጠላ እንዴት ይቀመሳል (ቢራ ብቻ ለምታውቁ)

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሱት። ወዲያ ማዶ ምንም ካልታያችሁ ጥሩ ነው። አሽትቱት። ጎንጨት አድርጉና አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። መጀመሪያ ለስለስ ይላል፣ ቀጥሎ ጌሾው ይመራል፣ መጨረሻ ላይ ጭስ ጭስ ይላል። ጭሱ ጋኑ የታጠነበት ወይራ ነው። ጥቁረቱ ደግሞ ከአሻሮው ነው፤ ተቆልቶ ከተፈጨው ገብስ።

ገብሱ ጠቆር ብሎ፣ ሳያርር፣ መቼ ከምጣድ እንደሚወርድ የሚናገረው አፍንጫ ነው። ዓይን አይደለም።

አፍንጫ።

፬

ወጉን ታውቁታላችሁ። ቀጂዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እንግዳው እያያት ትቀምሳለች። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራጠርም።

የዚያን ቀን ዘርፌ መዳፏን ፉት አለችና «ማር ነው» አለች። ቀዳችለት።

ማናዬ ጎነጨ። ከሰል።

ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንደ ሁልጊዜው ዛሬ ምን ሲሰፉ ዋሉ ብላ ጠየቀችው። ከእሷ ሌላ ይህን የሚጠይቀው ሰው ከተማው ውስጥ የለም። የካህኑን ካባ አላት፤ ጠጣው።

ልድገምዎት ወይ አለችው።

ደገመ።

፭

ከጠጪዎቹ መጀመሪያ ጫኝና አውራጆቹ መምጣት ተዉ።

ከዚያ ጡረተኛው ፖሊስ።

ከዚያ

 

 

ማናዬ ብቻ።

ሰው የት ገባ ብላ ስትጠይቀው መንገዱ ስለተቆፈረ ነው አላት። ሌላ ቀን ደግሞ በጾሙ አሳበበ።*

* ጠላ የጾም መጠጥ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ልብስ ሰፊ ሆኖ ውሸቱን እንኳ በልኩ አልሰፋውም።

፮

አንድ ቀን እያወሩ ከጀርባዋ ምድጃው ላይ ሽንኩርት ያርራል። ጭሱ ማናዬን አሳለው። ዘርፌ ግን ወሬዋን ቀጠለች። ተነስቶ ድስቱን አወረደው።

ጥቁሩን ሽንኩርት አይታ ተቀመጠች። ነገረችው። ትኩሳት ይዟት ከተነሳች ወዲህ ቅቤም ሳሙናም ለእሷ አንድ ነው፤ አይሸታትም፣ አይጣፍጣትም። መዳፏ ላይ የምትቀምሰው ለወጉ ያህል ነው። አፍንጫ የሌላት ጠማቂ የጠመቀችውን ጠላ ማን ይጠጣል ብላ ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ጠላው እንዴት ነው አለችው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ። እንባዋ ዓይኗ ላይ ቆሟል፤ በርጩማዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።

«እንደ ድሮው ነው» አላት።

አመነችው። አምናው፣ የድሮ ስሟን ብቻ ለሚያውቅ አንድ ማኅበር የድግስ ጠላ እጠምቃለሁ ብላ ሰው ፊት ቃል ገባች። ሙሉ ጋን።

፯

ዛሬ። የማኅበሩ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ጋኑ ተከፍቷል። ዘርፌ በጣሳ ቀዳች፤ ወደ ራሷ መዳፍ ግን አላፈሰሰችም። የማናዬን እጅ ይዛ ዘረጋችው።

ዘርፌ፦ ይቅመሱልኝ።

ማናዬ፦ ኧረ ወጉ የእርስዎ ነው።

ዘርፌ፦ የእኔማ ምላስ ሞቷል። የሚያፍሩብኝ ካልሆነ በቀር ይቅመሱ።

(ይቀምሳል።)

ከደጅ፦ እትዬ ዘርፌ፣ እንግባ ወይ? ሰዓት ሄደ እኮ።

ዘርፌ፦ ትንሽ ታገሱኝ፣ ልጆቼ።

፰

ያው ከሰል ነው። እንዲያውም ብሷል።

እውነቱን ቢናገር ጠላው ይደፋል፣ ሰው ፊት የገባችው ቃል ይታጠፋል፣ እሱም ያን ሁሉ ጊዜ እየዋሻት እንደነበር ታውቃለች፤ ከእንግዲህ በሯን ላትከፍትለት ትችላለች። ዝም ቢል ደግሞ ድግስተኛው ሁሉ ይቀምሰዋል፤ ከዛሬ በኋላ ስሟን በደህና የሚያነሳው የለም።

መዳፉ እርጥብ ነው። አልጠረገውም።

፱

ዘርፌ፦ ጋሽ ማናዬ፣ እኔ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጠላው ይሂድ ወይስ ይቅር?

ማናዬ፦