ቀይ አሥራ አራት

የሰደበኝ የእትዬ የእህት ልጅ ነው። እትዬ የላውንደሪያችን ባለቤት ናቸው፤ ልጁ ፕሮግራመር ነው። ቀኑን ስቼ አላውቅም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ካውያው አጠገብ። «ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ዳታቤዝ ሊያስተምረኝ?» አለ። ልብስ ተኳሾቹ ሳቁ። አንዷማ እስከ ምሳ ድረስ «ፕሮፌሰር» እያለች ጠራችኝ። ሚስቴ እርሳው ትለኛለች። እሷን አልሰደባትም።

እኛ ዘንድ በሚገባው ልብስ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ትሰፋለች። የጨርቋ ቀለም ቀኑን ይናገራል፤ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ሰማያዊ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ በየቀኑ ከአንድ ይጀምራል። ልጁ ያመጣው የኮምፒውተር መዝገብ ግን ቁጥር ብቻውን እንዳይደገም ይከለክል ነበርና፣ የሰኞው አሥራ አራት መደርደሪያ ላይ እያለ የማክሰኞውን አልቀበልም አለ። ደንበኛ ተሰልፏል። ቀለሙና ቁጥሩ አንድ ላይ ይታዩ እንጂ ቀይ አሥራ አራትና ሰማያዊ አሥራ አራት ምን አገናኛቸው አልኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሰድቦኝ ሲያበቃ ክልከላውን ጭራሽ አነሳው።

ባለፈው ወር ሁለተኛ መቀበያ መስኮት ተከፈተ። ሰኞ ዕለት ሁለቱ መዝጋቢዎች ቁልፉን እኩል ሲጫኑ፣ ለሁለት ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ለአንድ ሙሽራና ለአንድ አስተማሪ፣ ቀይ አሥራ አራት ወጣ። መዝገቡ ዝም ብሎ ዋጠው። አስረካቢው እኔ ነኝ፤ የሙሽራውን ልብስ ለአስተማሪው ሰጠሁት። እትዬ ጠርተውኝ፣ የሙሽራው ልብስ እስከ ዓርብ ካልተገኘ ሌላ ሥራ እንድፈልግ ነገሩኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ!

ሐሙስ ጠዋት አስተማሪውን ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ገና አልለበሰውም። የኮቱን ገበር ገልጬ አየሁ፤ ብብቱ ሥር ሰኞ በእጄ የጠቀምኩት ስፌት አለ። የሙሽራው ነው። ይዤው ተመለስኩና ነገሩ ከየት እንደመጣ ለእትዬ አስረዳሁ። ለልጁ አልተናገርኩም። እሳቸው ደወሉለት።

መጥቶ አንዲት መስመር ጻፈ፤ ቀለምና ቁጥር ተጣምረው ሁለት ጊዜ እንዳይገቡ። ሲስተሙ እምቢ አለው፤ አስቀድሞ የተደገመ አለ፣ መጀመሪያ እሱን አጥራ ብሎ። ሁለቱ ኮቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቀይ አሥራ አራት። የትኛው የማን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ለእትዬ ነገርኳቸው፤ እሱም ሰማ። የአስተማሪውን ቀይ ስልሳ አድርጎ ቀየረው፤ ጨርቁን እኔ ቀየርኩ። መስመሯ ገባች። መዝጋቢዎቹ አንድ ቁጥር እኩል ሲሞክሩ ሲስተሙ አንዷን አሳለፋት፣ ሌላዋን ተይዟል አላት።

እትዬ ነገ ለሙሽራው ልብሱን አንተው ታስረክበዋለህ አሉኝ። ስለ ሌላ ሥራ አላነሱም።

ልጁ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ልብስ ተኳሾቹ ካውያቸውን አቁመው ያያሉ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይህን ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

የሙሽራውን ልብስ ላስቀምጥ የመጋዘኑን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንስቼ ሄድኩ።