ሙሽሮቹ ኩቦች

ለዶክትሬት ቃለ መጠይቅ የገባች ቀን፣ ፕሮፌሰሩ ዲግሪዎቿን ገለጥ ገለጥ አድርገው ወደ ጎን ገፏቸው። የመጀመሪያው በሲቪል ምህንድስና፣ ሁለተኛው በግንባታ ዕቃዎች፣ ሁለቱም በማዕረግ። እሳቸው ግን ማዕረግ የሰለቻቸው ሰው ናቸው። «ይሄንንማ ሁሉም ይዞ ይመጣል። በእጅሽ ምን ሠርተሻል?» አሏት።

በእጇ የሠራችውማ ሞልቷል። ሁለተኛ ዲግሪዋን ማታ ማታ እየተማረች፣ ቀን ቀን በታላቅ ወንድሟ የግንባታ ድርጅት የጥራት መሐንዲስ ሆና ዓመታት አሳልፋለች። ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር ትንሽ ተቀንሶ በብረት ሳጥን ኩብ ይወጣለታል። ኩቡ ከጠነከረ በኋላ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ይጨፈለቃል፤ የቻለው ጫናም ይመዘገባል። ሕንፃን ጨፍልቆ መሞከር ስለማይቻል፣ ኩቡ ስለ ሕንፃው ይመሰክራል ማለት ነው። የእነዚያ ምስክሮች ሁሉ አለቃ እሷ ነበረች፤ ውጤታቸውም እስከ ዛሬ እጇ ላይ ነው።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላው ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ አንቺ ኮንክሪት ይዘሽ መጣሽ» አሉ። ቦታውን አገኘች።

ስለ ሙሽሮቹ ግን አልነገረቻቸውም።

የወንድሟ ሳይት ላይ ኩብ የሚያዘው እንደ ሙሽራ ነው። ለሶሌታው፣ ማለትም ለፎቁ ወለል፣ የሚፈሰው ኮንክሪት ለሠራተኛው እንዲቀለው ውሃ ይጨመርበታል፤ የኩቡ ድርሻ የሚነሳው ግን ውሃው ሳይጨመር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ አንዲት የአየር ቀዳዳ እስክትጠፋ ይጠቀጠቃል። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ ይንደላቀቃል። ሶሌታው ደግሞ ውጭ ነፋስ ይገርፈዋል፤ ውሃ የሚያገኘውም አጠጪው ትዝ ሲለው ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ወንድሟ ነበር። «ሙሽሮቹን ብርድ እንዳይመታብኝ!» እያለ ሲጮህ ሠራተኛው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ማጭበርበር ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሌላውም ሳይት እንዲሁ ያደርጋል፤ ንድፉ ላይ ትርፍ ጥንካሬ ይታሰባል፤ ሕንፃዎቹም ቆመዋል።

በቃለ መጠይቁ ቀን ይህን መናገር ለእሷ ቤቱን ለማያውቅ እንግዳ የጓዳ ወሬ እንደ ማውራት ነበር። በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች። በኋላ ሲመጣ ደግሞ ውጤቶቹ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው ነበር። ከዚያ አንድ ምዕራፍ ሆኑ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ በየስብሰባው የሚያነሱት ስሌት ሆኑ፤ የአየሩንና የሲሚንቶውን ሁኔታ ሲነግሩት፣ ሶሌታው ራሱን ችሎ ከሥሩ ያለው ድጋፍ ብረት የሚነሳበትን ቀን የሚተነብይ ስሌት። መልሱ ሁልጊዜ ሰው ከለመደው ቀን ይቀድማል። ፕሮፌሰሩ ለዚህ ነበር የወደዱት፤ ሰው ሁሉ የወደደውም ለዚህ ነበር። አንዳንድ ቀን ውጤቶቹን በሆነ ቁጥር ቀነስ ላድርጋቸው ይሆን እያለች ታስባለች። ግን በምን ያህል? ከእውነተኛው ሶሌታ ላይ ናሙና ቆርጦ የለካ ሰው የለም። እሷም አልለካችም።

ሥራዋን ለሕዝብ ያቀረበች ዕለት ወንድሟ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መድረክ መሪው የትምህርትና የሥራ ልምዷን ሲያነብ፣ «በግንባታ ቦታ የጥራት መሐንዲስ» የሚለው ጋ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ባለበት ብቻውን አጨበጨበ። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየው። እሷ አፈረች፣ ደግሞም ደስ አላት። የስሌቷ ኩርባ መስመር ግድግዳው ላይ ሲታይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ አነሳው። የቤተሰብ ኩራት ነው ብላ አለፈችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ላቦራቶሪ እያለች ደወለላት።

«ዶክተሪት! በአንቺ ቁጥር ድጋፉን እያነሳሁልሽ ነው!»

«የምን ቁጥር?»

«ያቺ ኩርባሽ ናታ! ከላይ ያለውን ፎቅ የምደግፍበት ብረት አጥቼ ስንት ቀን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሰዎቹን አንቀሳቀስኳቸው፤ በአንድ አፍ እየመረቁሽ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ አስቁማቸው። አሁኑኑ።»

«ምነው? ግማሹን አንስተነዋል እኮ።»

«አስቁማቸው አልኩህ!»

የላቦራቶሪ ጋውኗን ሳታወልቅ ታክሲ ውስጥ ገባች። መንገድ ላይ ምክንያቱን ልትነግረው ሁለቴ ስልኩን አነሳች፤ ሹፌሩ እንዳይሰማ ብላ ሁለቴ መለሰችው። ሹፌሩ ስለ ኮንክሪት ምን አገባው!

ስትደርስ አናጺዎቹ ደጅ ቆመው ነበር። ሰው አልተጎዳም። ፎርማኑ ከሶሌታው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሯል። ሲባጎው ቀጥ ብሏል፤ ሶሌታው ግን መሃሉ ላይ ረግቦ ሊነካው ደርሷል። ከምሰሶው ጥግ የተነሳ ስንጥቅ ግማሽ ጣሪያውን አቋርጧል፤ ቀጭን ነው፣ ለማየት ግን መጠጋት አያስፈልግም።

«በይ እንግዲህ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አለ ወንድሟ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ እምቢ አለው።

«ቁጥሩ የወጣው ከሙሽሮቹ ነው።»

«ከየትኞቹ ሙሽሮች?»

«ከእኛዎቹ። አንተ ጋ እያለሁ ካወጣናቸው። ሌላ መረጃ የለኝም።»

የራስ ቁሩን አውልቆ ፀጉሩን አከከ። ፎርማኑ ቀስ ብሎ ሄደላቸው።

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«እኔኮ» አለ፣ «ሙሽሮቹ መኖራቸውን ረስቼው አይደለም። አስቤዋለሁ። እሷ ጓዳችንን ታውቃለች፣ የምትቀንሰውን ቀንሳ ነው ያሰላችው አልኩ። ሌላ መሐንዲስ ቢሆንማ መቼ አምኜ!»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስድብማ አብረው ያደጉበት ነው፤ መልስ ትሰጠው ነበር። ከተማረው ሁሉ ለይቶ እሷን ያመነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሙሽሮቹን ማወቋ።

«አንተም ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለች፤ ቃሉን ገና ከአፏ ሲወጣ ጠላችው።

«ምን ብዬ? ዶክተር ሊባል የደረሰ ሰው ቀንሰሻል ወይ ተብሎ ይጠየቃል?»

ፎርማኑ ተመልሶ መጣ። ዓይኑን ከሁለቱም እየሸሸ፣ «ኢንጂነር፣ ምን እናድርግ?» አለ። ለማን እንዳለው አልታወቀም። ወንድሟ በአገጩ ወደ እሷ አመለከተ።

«የነበረበት ቦታ ላይ መልሳችሁ ደግፉት» አለች። «ቀስ ብላችሁ፤ ከፍ ለማድረግ እንዳትሞክሩ። ላይ ማንም አይውጣ። ይዳን፣ ይፍረስ፣ ናሙና ተቆርጦ ሳይፈተሽ አይታወቅም።»

«የዚያኛውን ክፍልስ?» አለ ወንድሟ። ገና ድጋፉ ያልተነካውን ወገን እያሳያት ነበር። «እሱ ደህና ነው። እሱን መቼ ላንሳው?»

ሲያላግጥባት መስሏት ቀና ብላ አየችው። አላላገጠም። ሥራው ቆሞበታል፣ ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬም የሚጠይቀው እሷን ነው። ዶክትሬቷ ከዚህች ጥያቄ ሌላ ምንም አልነበረም። ዓመታት ተቀምጣ፣ ሰው አጨብጭቦላት፣ የሠራችው መልሷን ነው።

«አላውቅም» አለች።

ወንድሟ ወደ ፎርማኑ ዞረ። «በቃ፣ ሙሉ ወሩን እንጠብቃለን። ልጆቹን ወደ ግንቡ ሥራ አዙራቸው።»

አናጺዎቹ ብረቶቹን እየተሸከሙ ሲመለሱ መንገድ ለቀቀችላቸው። ወንድሟ ከእነሱ ጋር ገባ፤ ነይም ሂጂም አላላትም። ደረጃው ሥር፣ የሲሚንቶ ከረጢት ክምር አጠገብ ቆማ፣ ስለ ሙሽሮቹ ልትነግራቸው ለፕሮፌሰሩ ደወለች። ሰሞኑን ምዕራፉን ለኅትመት ሊልኩት እየተዘጋጁ ነበር።

ወዲያው አነሱት። «እኔም ልደውልልሽ ነበር!» አሉ፤ ድምፃቸው በደስታ የተሞላ ነበር።